የጋሽ ዱካሞ ደስታ ሲጣራ

ባለፈው ሳምንት ምራቴ ጎትታ አንድ ሥልጠና ወሰደችኝ። «ዘላቂ ደስታ» ይባላል። አሠልጣኙ ጥርሱ የማይከደን ወጣት ነው። ማይኩን አፌ ሥር ደቀነና «እማማ፣ በየቀኑ ምን ያስደስትዎታል?» አለኝ። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔ ደግሞ ደስታዬን ስብሰባ ላይ የምናገር ሴት አይደለሁም፤ ማን እንደሚጽፈው በምን አውቃለሁ? «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» አልኩ። ያንን ጥያቄ እኮ ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ፤ እዚሁ፣ ያኔ አዋሳ በምንላት ከተማ፣ በደርግ ጊዜ። ያኔ የተጠየቁትን ሰው ያስጠየቅኳቸውም እኔው ነኝ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ የአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የውይይት ክበብ አለን፤ ከሁሉ የምንፈራው ሂስና ግለ ሂስ የሚባለውን ነው። ተራ በተራ እየተነሳን መጀመሪያ የራሳችንን፣ ቀጥሎ የአንድ ጓዳችንን ጥፋት እንናገራለን። የለኝም ማለት ራሱ ጥፋት ነው። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ሰው የማይጎዳ ጥፋት ስንፈልግ እንከርማለን፤ እገሌ ሻይ ላይ ይቆያል፣ እገሊት ካርቦን ወረቀት ታባክናለች፣ እንዲህ እንዲህ እያልን።

አንድ ቅዳሜ ተራዬ ሲደርስ ጥፋት አለቀብኝ። ዓይኔ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ ዱካሞ ላይ አረፈ። የሲዳማ ሰው ናቸው፤ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ቱላ ይኖራሉ፤ በብስክሌት እያፏጩ ይመጣሉ፣ እያፏጩ ይሄዳሉ።

«ጓድ ዱካሞ ደስታ ያበዛሉ» አልኩ። ከዚህ የቀለለ ጥፋት ከየት ይመጣል ብዬ እኮ ነው! አንድ ሁለት ሰው ሊስቅ ሲል ሰብሳቢያችን እስክሪብቶውን አነሳ።

«ምን አስደሰታቸው?»

ሳቁ ተዋጠ። በዚያ ዘመን ሰው ምን አለኝ ብሎ ይደሰታል? ስኳሩ በቀበሌ ወረፋ፣ ልጁ ለውትድርና። እንደዚያ የሚያፏጭ ወይ ተደብቆ የሚጸልይ ጴንጤ ነው፣ ወይ ጆሮ ጠቢ ነው። አንደኛው ይታሰራል፣ ሁለተኛው ያሳስራል።

ሰብሳቢው «አንቺ ነሽ ያነሳሽው» አለኝ። «ከሥራ በኋላ የት እንደሚውሉ አጣሪና ለቅዳሜ ሪፖርት አቅርቢ።»

ምላሴን በቆረጠው!

ማክሰኞ የጓደኛዬን ብስክሌት ተውሼ ተከተልኳቸው። መስከረም ነበር፤ ጭቃው ገና አልደረቀም፣ መንገዱ ዳር የተጠበሰ በቆሎ ይሸታል። ታዝዤ ብቻ ሄድኩ ብል እዋሻለሁ፤ እኔም ጠርጥሬያለሁ። አንድ ነገርማ አለ፣ አንድ ነገርማ አለ፣ እያልኩ ነው ፔዳሉን የምረግጠው። መናኸሪያውን አልፈው ወደ ቱላ አቀኑ። ከአንዲት ሴት እሸት ገዙና በሲዳምኛ ተሳሳቁ። መልእክት ተቀባብለው ይሆን ብዬ ሴትዮዋን ከእግር እስከ ራሷ መረመርኳት። ቤታቸው ደጃፍ ሚስታቸው ጠበቋቸው። ጋሽ ዱካሞ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ሣሩ ላይ ዘረጉ፤ ልጆቹ ተንጋግተው መጡ፤ በቆሎውን እየጋጡ ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ላማቸውን ሲያዩ ቆዩ። በቃ።

ረቡዕም ሄድኩ፤ ሐሙስም። በቆሎ፣ ሣር፣ ላም። እግሬ ዝሎ ስመለስ፣ ይህ ሁሉ ልፋት ላም ለማየት! ብዬ ተናደድኩ።

ቅዳሜ ያየሁትን ተናገርኩ። ሰብሳቢው ግን አልጠገበም። ወደ እሳቸው ዞረና «ጓድ ዱካሞ፣ በየቀኑ ምን ያስደስትዎታል?» አለ።

ተነሱ። ፊታቸው አመድ መስሏል። አንድ ቃል ቢሳሳቱ ከዚያ ክፍል ቀጥታ ወደ እስር ቤት እንደሚሄዱ እሳቸውም እኛም እናውቃለን።

«ጓዶች» አሉ በዚያ ቀስ ባለ አማርኛቸው፤ «ጠዋት ትቻቸው የወጣሁት ሰዎች ማታ ስገባ አሉ። ሌላ የለኝም።»

ወንድሟ ከቤት እንደወጣ የቀረባት የሒሳብ ክፍሏ ልጅ አቀረቀረች። ሰብሳቢው እስክሪብቶውን ከደነና «ወደሚቀጥለው አጀንዳ» አለ።

ተረፉ! ብዬ እፎይ አልኩ። ለካ ጉዱ ገና ነው። ሰኞ ግቢው በሹክሹክታ ተሞላ። «እንዴት ዝም ብለው ተለቀቁ? ለማን ነው የሚሠሩት?» እንዲህ በቀላሉ የሚለቀቅ ሰው አይተን አናውቅማ። ጆሮ ጠቢ ናቸው ተባለ፣ አለቀ። እሳቸው ሲመጡ ወሬ ይቋረጣል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ፉጨታቸው ጠፋ።

አንድ ቀን ሻይ ክበብ ውስጥ ብርጭቋቸውን ይዘው ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ዞሩ። እዚህ «ተይዟል»፣ እዚያ «ሰው ይመጣል»። በመጨረሻ ወደ እኔ መጡ። በዚያ መሥሪያ ቤት ንጽሕናቸውን በዓይኗ ያየች እኔ ብቻ ነኝ፤ ሦስት ቀን ሙሉ በቆሎ ሲበሉ አይቻለሁ!

«ልጄ፣ እዚህ ሰው አለ?» አሉኝ።

ሁሉም ያየኝ ነበር።

«አለ» አልኩ።

ባዶውን ወንበር አዩት፤ ከዚያ እኔን። ሻያቸውን ቆመው ጠጡና ወጡ። ከጥቂት ወራት በኋላ ዝውውር ጠይቀው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም።

ዘላቂ ደስታ ምን እንደሆነ ለማወቅ እንግዲህ አሠልጣኝ አያስፈልገኝም። አሁን ማታ ማታ ልጆቼና የልጅ ልጆቼ አንድ በአንድ በሩን ከፍተው ሲገቡ ጋሽ ዱካሞ ምን ማለታቸው እንደነበር ይገባኛል፤ ደስ ይለኛል፣ ወዲያው ደግሞ አፍራለሁ። የዚያ ዘመን ሰዎች ስንገናኝ ሁላችንም ሰብሳቢዎቹን እናማለን፤ እኔም አብሬ አማለሁ። ግን ሰብሳቢውማ ለቋቸው ነበር። ወንበር የከለከልኳቸው እኔ ነኝ።