ቢላዋዬ ጠበል ገባ

የተማርኩት የብረት ምህንድስና ነው። ጎረቤቴ እትዬ በላይነሽ ግን ቢላዋዬን ተውሰው፣ ከሰል ላይ አግለው ጀሪካን ቆረጡበት። ለበዓል ከሸጎሌ ገበያ ያመጣሁትን በግ ልግፈፍ ብል ቢላዋው ቆዳው ላይ ይንሸራተታል!

«እትዬ፣ ብረት ውስጡ ቅንጣት ቅንጣት ነው። ግሎ ቀስ ብሎ ሲበርድ የቅንጣቶቹ አቀማመጥ ይለወጥና ይለሰልሳል» አልኳቸው፣ እየተቃጠልኩ።

«ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው?»

«እንደገና አግሎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መንከር። ግን ወዲያው በለዘብተኛ እሳት ካላሞቁት እንደ ብርጭቆ...»

ሳልጨርስ ቢላዋውን ነጥቀውኝ ወጡ።

በማግስቱ ለሁለት የተሰበረ ቢላዋ ይዘው መጡ፤ ፊታቸው በደስታ በርቷል።

«ውሃ ስትለኝ ጠበል ውስጥ ነከርኩት። አጯጯሁን ብታይ! ልጄ፣ አንተ ቅንጣት ያልከው ጋኔን ነው፤ ይኸው ሰብሮት ወጣ!»