ነጩ ነጠላ ቢጫ የሆነብኝ ጊዜ

ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ይዤ ዝም ማለት ስላቃተኝ ልመሰክር ተነሥቻለሁ። ወሬ ካበዛሁ ባለቤቴ ትጎትተኛለች፣ አትቸገሩ።

እንደምታውቁኝ እዚሁ መካነ ሰላም ገበያ ጨርቅ ሻጭ ነኝ። ልቤ ያለ ሥርዓት ይመታ ስለነበር ሐኪም ቤት ዲጎክሲን የሚባል፣ በየቀኑ ጠዋት የምውጠው ኪኒን ሰጡኝ። ተሻለኝ፤ ክብር ለስሙ ይሁን። ታዲያ ጾም ጸሎት በያዝን ቀን ውሃም አልቀምስ፣ ኪኒኑንም አልውጥ። ያልዋጥኩትን በማግሥቱ ደርቤ እውጠዋለሁ። ጾም ያከበርኩ መስሎኝ ማንንም አልጠየቅኩም።

እየቆየ ምግብ አስጠላኝ፣ ያጥወለውለኝ ጀመር። አንድ የገበያ ቀን አንዲት እናት ነጭ ነጠላ ፈልገው መጡ። ብዘረጋው ሁሉም ቢጫ! ያመጣልኝን ነጋዴ በስልክ ሰደብኩት። እናትዬዋ ነጠላውን አገላብጠው አዩና፣ «ልጄ፣ ይሄ እንደ ወተት የነጣ ነው። አንተን ነው ያመመህ» አሉኝ። ባለቤቴ ሱቁን ዘግታ ሆስፒታል ወሰደችኝ።

ዶክተሯ ሙስሊም ናት፣ ገና ልጅ። ባለቤቴ የያዘችውን ኪኒኔን አይታ፣ እጄን ይዛ የልብ ትርታዬን ስትቆጥር ቆየችና፣ «ጋሼ፣ ነጭ ነገር ቢጫ ሆኖ ይታይዎታል?» አለችኝ። ስለ ነጠላው ገና አልነገርኳትም! ወገኖች፣ ትንቢት መሰለኝ። የለበሰችው ጋውን ራሱ ቢጫ ሆኖብኛል። መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ሲበዛ እንዲህ እንደሚያደርግ አስረዳችኝ። ያለ ውሃ ውዬ በማግሥቱ ደርቤ እንደምውጥ ስነግራት፣ ኩላሊቴ መድኃኒቱን ማስወጣት አቅቶት እንደተጠራቀመ ነገረችኝ እንጂ አልተቆጣችም።

«እኔም ጾመኛ ነኝ፣ ጋሼ። መድኃኒቱን ግን ሳይጠይቁኝ አያቋርጡት፣ አይደርቡትም። ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ ልብዎ ሊቆም ይችል ነበር» አለችኝ።

አስተኝታኝ ኪኒኑን አቋረጠችው፣ ደሜን አስመረመረች፣ ልቤን በማሽን ተከታተለች። ተረኛ ባልሆነችበት ቀን እንኳ መጥታ እጄን ትይዛለች። እንዴት ያለች ልጅ ናት! እኔ አልጋ ላይ ሆኜ ጌታን ስለምን፣ ለካ መልሱን በእሷ ጣቶች ልኮልኝ ኖሯል። አንድ ጠዋት ስትገባ ጋውኗ ነጭ ነው። አለቀስኩ፤ አላፈርኩም።

አሁን ኪኒኑ ተቀንሶልኝ እውጣለሁ፤ እሷም በየጊዜው ትመረምረኛለች። ስሙ ይባረክ! መድኃኒት የጀመራችሁ ወገኖች፣ ጌታን ታመኑት፤ የላከላችሁንም ሰው ጠይቁ። ይኸው ዛሬም ጾም ላይ ነን። እኔ ግን ኪኒኔን በጠዋት ከነውሃው ውጬ ነው የመጣሁት፤ ጌታም አልተቀየመኝም። እዚህ ቆሜ ሳያችሁ የእኅቶቼ ነጠላ ሁሉ ነጭ ነው።