ቢጫው ሶኬት ነጩ ውስጥ አይገባም

ድሬ ታይዋን ገበያ የጥገና ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ ገና መቁረጫውን ከማንሳቴ አለቃዬ ሙክታር እጄን ቀጨም አደረገው። የመጫወቻ መኪና ባትሪ ነበር፤ የተቃጠለ ሶኬቱን ቆርጬ ሌላ ልተካለት ቀዩንና ጥቁሩን ሽቦ አንድ ላይ ይዣለሁ።

«ዋሪያ! ልታቃጥለን ነው እንዴ?» አለኝ። «አንዱን ቁረጥ፣ በናስትሮ ጠቅልል፣ ከዚያ ወደ ሌላው ሂድ። መቁረጫው ብረት ነው፤ ሁለቱን ባንዴ ከነከሰ እሳት ነው።»

ሙክታር ሳይቆጣ ያስተማረኝ ነገር የለም። የሽቦ ቀለም አትመን፣ በቴስተር ለካ ይላል። ሶልደሩ ሳይቀልጥ ከገፋሁት ጆሮዬን ይይዘኛል። በኋላ እሱ ወደ ገጠር፣ ዋሂል ገባና ሱቁን ለኔ ተወው፤ ቁጣውንም አብሮ ተወልኝ መሰለኝ።

ጀልባ ይዛ የመጣችው ደንበኛዬ ሆዳን ናት። በሪሞት የሚነዱ ጀልባዎች። ድሬ ላይ ጀልባ! ወንዛችን ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ስቄ ልሞት ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም። የሠርግ ወርቋን ሸጣ ነው የገዛቻቸው። ለኢድ አንድ መዝናኛ ውስጥ ገንዳ ተከራይታለች፤ ልጆች ተራ እየያዙ ይነዳሉ። ኢዱ ካመለጣት ወርቁም አመለጠ።

«ባትሪዎቹ ሁለት ዓይነት፣ ቻርጀሩ ሁለት ዓይነት፣ ሶኬቱ ሁለት ዓይነት» አለችኝ። «ራሴን አዞረኝ አቦ! ሁሉንም ቢጫ አድርግልኝ። የትኛውም የትኛው ላይ ይሰካ።»

ባትሪዎቹን አየኋቸው። ነጭ ሶኬት ያላቸው ኒኬል ናቸው፣ ቢጫዎቹ ሊትየም። የኒኬሉ ቻርጀር ሞኝ ነው፤ አንዲት መብራት አለችው፣ ዝም ብሎ ይገፋል። ሊትየም ደግሞ ከጠገበ በኋላ ከገፉት ያብጣል፣ ከዚያ ይቃጠላል።

«አላደርገውም» አልኳት። «ሶኬቱ የተለያየው እንዳትሳሳቺ ነው።»

«እኔ አልሳሳትም።»

«አንቺ ባትሳሳቺ እናትሽ ትሳሳታለች።»

«እናቴን ተዋት!» ብላ ጀልባዎቿን ሰብስባ ወጣች። ደሜ ፈላ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው አልኩ በሆዴ።

የኢድ ዋዜማ ከምሳ በኋላ፣ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ቤቱ ባስገባበት ሰዓት፣ ሆዳን ፈገግ ብላ መጣች። እጇ ላይ አዲስ የቻርጅ ገመድ ይዛለች። ባንድ ጫፉ ቻርጀሩ ላይ የሚገባው አለ፣ በሌላው ቢጫ ሶኬት።

«አንተ እምቢ ያልከውን ሌላው ሠራልኝ» አለች። «ይኼ ትርፉ ነው፣ ልታየው ብዬ ነው።»

የቻርጀሩን ጫፍ አገላብጬ አየሁት። የኒኬሉ ነው። ሊትየሙን ከሞኙ ቻርጀር ጋር አገናኝቶታል።

«ሆዳን፣ አሁን ቤት የተሰካ አለ?»

«አለ እንጂ! ከጠዋት ጠፍቶ የነበረ መብራት አሁን መጣ። ሳይሄድብኝ ሁሉንም ሰካኋቸው።»

እኛ ድሬዎች እንዲህ ነን። መብራት ሲመጣ ያለውን ሁሉ እንሰካለን፤ የቱ ከየቱ ማን ያያል?

«ቤት ማን አለ?»

«እናቴ። ልጆቼ ተኝተዋል፣ እዚያው ክፍል...» ቃሏን አልጨረሰችም። ፊቴን አይታ ገባት።

ሱቁን እንኳ አልዘጋሁም። ባጃጅ ይዘን ገንደ ቆሬ ቤቷ እስክንደርስ ለእናቷ ደጋግማ ደወለች፤ አታነሳም። «ያ አላህ፣ ልጆቼን» ትላለች፣ ሌላ ቃል የላትም። እኔ በሆዴ ያልኩት ተረት ትዝ አለኝ። ለማን ነበር መከራ የተመኘሁት?

ግቢ ስንገባ እናቷ ጆግ ይዛ «ቢዮ! ቢዮ!» እያለች ወደ ክፍሉ ትሮጣለች፤ የባትሪው ሽታ ደርሷት ውሃ ልትደፋበት ነው። «እንዳታፈሺ! ገመዱ እንደተሰካ ነው! ልጆቹን አውጪ!» አልኳት። ሆዳን ቀድማኝ ገብታ ሁለቱንም ባንድ እቅፍ አወጣቻቸው። ትንሿ ከእንቅልፏ እንኳ አልነቃችም።

እኔ መብራቱን ቆጣሪው ላይ አጠፋሁ። ፍራሹ አጠገብ አንዱ ሊትየም እንደ አምባሻ ተነፍቶ፣ የሚያቅለሸልሽ ጣፋጭ ሽታ ይሸታል። ገመዱን ነቀልኩ፣ ባትሪውን የብረት ትሪ ላይ ገፍቼ ይዤው ወጣሁ። ጎረቤት ለግንባታ ያስደፋው የደቻቱ አሸዋ በር ላይ ነበር። ትሪውን ደፍቼ በእግሬ አሸዋ አለበስኩት፤ ሳልርቅ ፍስስ ብሎ ጭስና ነበልባል ተፋ።

እናቷ ጆጉን መሬት አስቀምጣ ተቀመጠች።

ያኑ ቀን ወደ ማታ ሆዳን ጀልባዎቹን ሁሉ ሱቄ ደረደረች። ኒኬሎቹና ቻርጀራቸው ላይ ነጩን መለስኩ፣ ሊትየሞቹና የራሳቸው ቻርጀር ላይ ቢጫውን ተውኩ። አንድ ባትሪ ጎድሎባት ኢዱን ሠራች፤ ልጆች ገንዳውን ከበው ሲጮሁ እኔም ሄጄ አይቻለሁ።

በዚያው ዋዜማ ከሱቄ ልትወስዳቸው ስትል ግን መጀመሪያ አንዱን ቢጫ ነጩ ገመድ ውስጥ ገፋችው። አልገባም። አዙራ ገፋችው። አልገባም። ከዚያ አብራት ለመጣችው እናቷ ሰጠቻት። «እማ፣ ግፊው። በደንብ ግፊው።» እናቷ ታግላ ታግላ «እምቢ አለ» ስትል፣ ሆዳን ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲህ ደንበኛ «የሚገጥም ሶኬት ስጠኝ» ሲለኝ፣ መጀመሪያ ምን እንዳይገጥም እንደሚፈልግ እጠይቀዋለሁ።