«ይፈርሙልኝ» ያልኩት ቀን

ዛሬ መቱ ላይ የጤና ጣቢያ ኃላፊዎችን ሳሠለጥን አንዲት ወጣት «ይህ የአስተዳደር ትምህርት እርስዎን የጠቀመዎት መቼ ነው?» ብላ አፋጠጠችኝ።

ነገርኳት።

በደርግ ጊዜ ነው። ከአስተዳደር ኮርስ ተመልሼ ጎሬ የጤና ጣቢያ ኃላፊ ከሆንኩ ገና ሦስት ሳምንቴ ነበር። (ኮርሱን ያለፍኩት በመከራ እንደሆነ ለሠልጣኞቼ አልነገርኳቸውም።)

ምጥ የጠናባትን ሴት ወደ መቱ ሆስፒታል ልንወስድ የጣቢያችን ላንድሮቨር ውስጥ አስተኝተናታል። የአውራጃው ካድሬ ደረሰና «መኪናው ለሰልፍ ይፈለጋል፤ አውርዷት!» አለ።

ባሏ በኦሮምኛ «ማሎ! ማሎ!»፣ እባክህ እባክህ እያለ ካድሬው እግር ላይ ወደቀ።

ኮርሱ ላይ ከባድ ትእዛዝ በጽሑፍ ተቀበሉ ተብለን ነበር። ወረቀት አወጣሁ።

«ጓድ፣ መኪናውን ይውሰዱ። ግን ሴትዮዋ ብትሞት ተጠያቂው እኔ ነኝ ብለው ይፈርሙልኝ።»

እጁ ወደ ሽጉጡ ሄደ። ሾፌራችን ጋሼ በቀለ ግን ሞተሩን አስነሡና ወደ መቱ ነዱት።

ካድሬው ወረቀቱን ቀዳደደና «አንተን እናገኝሃለን» ብሎኝ ሄደ።

እናትም ልጅም ተረፉ። እኔ በወሩ ከኃላፊነት ተነሥቼ ገጠር ክሊኒክ ተመደብኩ። አንድም ቀን አልቆጨኝም።

እናንተስ በሥራችሁ አለቃን እምቢ ያላችሁበት ቀን አለ? ምን አስከፈላችሁ? እስቲ አጫውቱኝ።