የርብ ውሃ በጠርሙስ

ታንጉት ወረታ ውስጥ በአንድ ሩዝ መፈልፈያ ቤት ጠጠር ትለቅማለች። ከነጭ ሩዝ መሀል ነጭ ጠጠር አያመልጣትም። ያመለጣት ልጇ ነው። ባለፈው ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ ፎገራን ሲያጥለቀልቅ፣ ሰውመሆን የአጎቱን በሬ ሊያወጣ ገብቶ በዚያው ቀረ። በሬው ወጣ። የልጁ ሬሳ ግን ተፈልጎ ተፈልጎ አልተገኘም። ፍትሐቱ ያለ ሬሳ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስትወጣ ወንዙ ዳር ሳትደርስ እህል አትቀምስም።

"እሱን ብርድ ላይ ትቼ እንዴት ልጉረስ?" ትላለች።

አንድ ቀን ታናሽ ልጇ መባ ከትምህርት ቤት እየሮጠች መጣች።

"እማ፣ ነገ የሳይንስ ቀን ነው! ውሃ ይዛችሁ ኑ ተብለናል። ውሃ ውስጥ ያሉትን ነፍሳት በማይክሮስኮፕ እናያለን።"

"ምን አልሽ?"

"ነፍሳት። በባዶ ዓይን የማይታዩ።"

"በሕይወት ያሉ?"

"አዎ፣ ሲንቀሳቀሱ ሁሉ ይታያሉ።"

ታንጉት ነፍሳት ሲባል የምታውቀው ለሙታን ሲጸለይ ነው። ሌላ አልጠየቀችም። በማግስቱ በመጀመሪያው ባጃጅ ርብ ወርዳ፣ ልጇ ከገባበት ቦታ አንድ ጠርሙስ ውሃ ቀዳች።

በትምህርት ቤቱ ግቢ ልጆቹ ጠብታውን ራሳቸው መስተዋት ላይ እያኖሩ በማይክሮስኮፑ ለማየት ይሻማሉ።

"ያስሚን! የእናንተ ጉድጓድ ሰርገኛ ሞልቶታል፤ ይጨፍራል!" አለ ሙሰብ።

"የራስህን ሽፋሽፍት ነው የምታየው፣ ጅል!" አለች ያስሚን።

ታንጉት ከልጆቹ ኋላ ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ መምህር ይርዳው ደንገጥ አለ።

"እትዬ ታንጉት፣ መባን ፈልገው ነው?"

"ሰውመሆንን ነው" አለችና ጠርሙሱን ሰጠችው።

መምህሩ በደንብ የሰማ አልመሰለውም። ጠብታውን አዘጋጀላት። ጎንበስ ብላ ብዙ አየች።

"ብዙ ናቸው። ይተረማመሳሉ። የኔ ልጅ የትኛው ነው?"

መባ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ይርዳው ሰውመሆንን አስተምሮታል፤ አጠገቧ በርከክ አለ።

"እትዬ… እነዚህ እንደ ትል ያሉ ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው። ነፍሳት የምንላቸው በልማድ ነው። የሰው ነፍስ በዚህ አይታይም።"

"እርግጠኛ ነህ መምህር? ከዚህ ውስጥ የለም?"

"የለም።"

እንደገና ጎነበሰች። ጠጠር እንደምትለቅም አንድ በአንድ ፈለገች፤ እንባዋ የማይክሮስኮፑ ብረት ላይ እስኪንጠባጠብ ድረስ። ከዚያ ቀና አለች።

"ውሃው ውስጥ ከሌለ ከጌታው ዘንድ ነው። ተመስገን። እንግዲህ አይበርደውም" አለችና ጠርሙሱን ይዛ ወጣች።

እሑድ ከቅዳሴ ስትወጣ ወደ ወንዙ አልሄደችም። መባ ማዕድ አቀረበችላት። ታንጉት ቆርሳ ጎረሰች። አላመጠች፣ አላመጠች። መባ እናቷን ታያለች።

በመጨረሻ ዋጠችው።