ጠጠር መጣያ

ታላቅ እህቴ ሳራ ከፈረንሳይ ገጠር ቪዲዮ ላከችልኝ። መኪና በማያልፍበት መንገድ ላይ፣ ከብስክሌቷ ጎማ ስር ጠጠሩ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል። ድምፁ ባሕር ማዶ ወዳደግንበት ሰፈር፣ ፍሌሚንግተን፣ ከፎቃችን ስር ወዳለው የመኪና ማቆሚያ መለሰኝ።

ሰባት ዓመቴ ነበር። አባባ የሳራን ኮርቻ ይዞ እየሮጠ ብስክሌት ያስተምራታል። የእኔ ተራ ሲደርስ ጎረቤቶቻችን ከሥራ ተመልሰው ማቆሚያውን በመኪና ሞሉት።

“እኔስ?” አልኩት።

“አሁንማ ጠጠር መጣያ የለም፣ የኔ ልጅ። እሑድ።”

አማርኛዬ ገና ነበር። ጠጠር አንስቼ እግሩ ስር ጣልኩና፣ “ይኸው፣ አለ” አልኩት።

አባባ እስኪያስለው ሳቀ። ሳራም ከኮርቻዋ ሳትወርድ፣ “ተዋት፣ እሷ እኮ ፈረንጅ ናት” አለችው።

እሑድ አባባ ሺፍት ገባ።

ብስክሌት ዛሬም አልችልም። ትወድቅ እንደሆነ ብዬ ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አየሁትና “ያምራል” ብዬ ጻፍኩላት።