ያልገባኝን ገባኝ ብዬ

ይህን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ጾም መሻር አወራሁ። ጾም መሻሬ እውነት ነበር፤ ግን የተደበቅኩበት እውነት ነው። ሰው ፊት ቃል አይወጣኝም። የእናንተን የአንባቢዎቼን ፊት ስለማላይ እስከ መጨረሻው እናገር ይሆናል።

የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። አውሮራ ከተማ የምኖረው የአክስቴ ልጅ ናሆም ቤት ነው። ናሆም የኮምፒውተር ሰው ነው። ከመደበኛ ሥራው ሌላ፣ በየአገሩ ካሉ ሰዎች ጋር በነጻ የሚሠሩት ኮምፓይለር አለ። ኮምፓይለር ሰው የጻፈውን ትእዛዝ ማሽኑ ወደሚያውቀው የሚቀይር ፕሮግራም ነው፤ ሰውየው ከተሳሳተም የት ላይ እንደተሳሳተ ይነግረዋል። የእነሱ ቋንቋ ፈንክሽናል የሚባለው ዓይነት ነው። ምን ማለት ነው ብዬ ስጠይቀው «እንደ ወፍጮ ነው፣ ያንኑ እህል ካስገባሽ ምንጊዜም ያንኑ ዱቄት ይሰጥሻል» አለኝ። ያ ገባኝ። ከዚያ በኋላ ገባኝ ያልኩት ሁሉ ውሸት ነው።

ያኔ ሊወጣ የነበረው አዲስ እትም፣ ቨርዥን የሚሉት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስህተትን በአማርኛ የሚናገር ነበር። የማኅበረሰባችን የቅዳሜ ትምህርት ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ተቀምጠው እንዲማሩበት ታስቦ ነው። ትርጉሙን የሠሩት ጋሽ መርዕድ ናቸው፤ አገር ቤት ሒሳብ አስተማሪ የነበሩ፣ በስደት መጥተው መሀል ከተማ፣ ዳውንታውን፣ ፓርኪንግ ውስጥ ቲኬት እየተቀበሉ ያረጁ ሰው። ማንም አልከፈላቸውም። «እነዚህ ልጆች አንድ ጊዜ እንኳ በእኛ ቋንቋ ሲሳሳቱ ልይ» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ራት ላይ ናሆም «አሁን የቀረን የሚሞክርልን ያልተማረ ሰው ነው» አለ። «ላልተማረ ከገባ ለሁሉም ይገባል።» ዞር ብሎ አየኝና «ምን እንፈልጋለን፣ ዝናሽ አለችልን» አለ። ቤቱ ሳቀ። ክፋት አልነበረውም፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ግን ለምን እንደተፈለግኩ ገብቶኛል። የተፈለግኩት ስለማላውቅ ነው። እዚያው ማዕድ ላይ፣ እጄን ሳልታጠብ፣ ምንም ቢያሳዩኝ ገባኝ እንደምል ወሰንኩ።

ታዲያ መሳቃቸው ነው ያዋሸኝ? አይደለም። እኔ ነኝ የዋሸሁት።

ከፓርኪንጉ ፊት ለፊት ባለው ሆቴል ክፍል አጸዳለሁ። ናሆም በዚያ ወር ለሥራ ሌላ ስቴት ስለሄደ ሙከራውን ለጋሽ መርዕድ ተወው፤ በምሳ ሰዓት ቲኬት በሚቀበሉባት ጠባብ ቡዝ ውስጥ እየተቀመጥኩ እበላለሁ፤ እሳቸው ላፕቶፑን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያነቡልኛል። «የሚጠበቀው ዓይነት ከተገኘው ዓይነት ጋር አይጣጣምም።» እያንዳንዱን ቃል አውቀዋለሁ፤ አንድ ላይ ግን ምንም አይሉኝም።

«ገባሽ?»

«ገባኝ፣ ጋሼ።»

«ይሄ የተማረ ሰው አማርኛ እንዳይሆንብኝ እኮ ነው። የተማረ ሰው አማርኛ አስተርጓሚ ይፈልጋል።»

«ኧረ ግልጽ ነው።»

«ልጄ፣ እኔን ደስ እንዲለኝ ብለሽ ገባኝ እንዳትይ። አልገባኝም ካልሽኝ ነው የምትጠቅሚኝ። እስቲ በራስሽ አፍ ንገሪኝ።»

የሰማሁትን ቃል በቃል ደገምኩላቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። ሊናገሩ ሲሉ አንድ መኪና ክላክስ አደረገ፤ ቲኬቱን ተቀብለው በሩን እስኪከፍቱለት ምሳዬን ጠቅልዬ ተነሣሁ። በር ሲከፈትልኝ ወጣሁ እንጂ ማንም አልገፋኝም። በማግስቱም ገባኝ አልኩ። በሳምንቱም። ሽማግሌው አመኑኝ።

ቨርዥኑ ወጣ። ናሆምም ተመልሶ፣ አውሮራ ባለው የቅዳሜ ትምህርት አዳራሽ ልጆችና ወላጆች ተሰበሰቡ። ጋሽ መርዕድ ሱፋቸውን ለብሰው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ሊትልተን ከተማ የምትኖረው ልጃቸው ሮማንም መጥታለች። አንዲት ልጅ ቁጥር በሚጻፍበት ቦታ ስሟን ጻፈችና ያ ቡዝ ውስጥ የሰማሁት ዓረፍተ ነገር በቀይ ወጣባት።

«ማሚ፣ ዋት ዳዝ ኢት ሚን?»

እናትየዋ ምን ማለት እንደሆነ ልትነግራት ደጋግማ አነበበች። አጠገቧ ያለችውም አነበበች። ከኋላ አንድ አባት «ቄሱን ጥሩልን፣ ይሄ ያለ አንድምታ አይፈታም» ሲል አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ልጆቹ አንድ በአንድ ወደ እንግሊዝኛው ቀየሩት። ጋሽ መርዕድ አልሳቁም። ልጆቹ ሲቀይሩ ስክሪኖቹን በየተራ ያዩ ነበር።

ናሆም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ እኔ በሌለሁበት ወር፣ ከመውጣቱ በፊት ለሰው አላሳዩትም ነበር?» አላቸው።

«አሳይቻለሁ እንጂ። እንዳልከኝ ለዝናሽ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አዎ ብል፣ ያቺ ያልተማረችው ናት ያበላሸችው ሊሉ ነው። የታየኝ እሱ ብቻ ነው። የእሳቸው ፊት አልታየኝም።

«ለእኔ አላሳዩኝም» አልኩ።

አየት አደረጉኝ። «እንደሱ ነው?» አሉ ቀስ ብለው። «እንግዲህ ረስቼ ይሆናል።»

ዓይናፋርነቴ ያኔ የት ሄዶ ነበር? ሰው ፊት ቃል የማይወጣኝ ሴት፣ ያን ውሸት በሰው መሀል ሳልንተባተብ ተናገርኩት።

ሮማን አባቷን እያየች ነበር። ከዚያ በፊት አንድ ቀን መኪናቸውን ያቆሙበትን የፓርኪንግ ፎቅ ዘንግተው ደውለውላት ኖሯል። አሁን ደግሞ ሰው ፊት ረሳሁ አሉ። ጊዜ አልወሰደባትም፤ ሥራውን አስተወቻቸው፣ የመኪናውን ቁልፍ ወሰደች፣ ሊትልተን ቤቷ አስገባቻቸው። በፍቅር ነው ያደረገችው። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ «ምስኪን ጋሽ መርዕድ፣ ይዘነጋሉ አሉ» ሲባል ሰማሁ፤ ነጠላዬን ሳብ አድርጌ አለፍኩ። እያወቁ ሸፍነውኛል፣ እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። አባት ናቸው፣ ለእኔ ብለው ነው እል ነበር።

ከዚያ ከናሆም ጋር ልንጠይቃቸው ሄድን። ናሆምና ሮማን ወጥ ቤት ሳሉ ጋሽ መርዕድ ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ።

«ዝናሽ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትቀየሚኝ። ቡዙ ውስጥ አንቺ ሩዝ እየበላሽ እኔ ሳነብልሽ ይታየኛል። ይሄ የሆነ ነው ወይስ እኔ ነኝ የፈጠርኩት?»

አልሸፈኑኝም ነበር። አምነውኝ ነበር። ከራሳቸው ይልቅ እኔን አምነው፣ ዓይናቸው ያየውን መጠራጠር ጀምረዋል።

ያኔ አዎ ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። ከወጥ ቤት የሮማን እግር ተሰማኝና «እኔ እንጃ፣ ጋሼ» አልኩ።

«እንግዲያስ ይዘነጋሉ የሚሉኝ ልክ ናቸው» አሉ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉና መስኮቱን አዩ።

ሰሞኑን ሌላ ቨርዥን ወጥቷል። መልእክቶቹን ከናሆም ጋር እንደገና ጻፍናቸው፤ ያልገባኝን አልገባኝም እያልኩ። አሁን «እዚህ ጋ ቁጥር ጠብቄ ነበር፣ የሰጠኸኝ ግን ጽሑፍ ነው» ይላል። ልጆቹ ወደ እንግሊዝኛ አልቀየሩትም። ናሆም አዳራሹ ውስጥ ስሜን ጠርቶ አመሰገነኝ፤ ሰው አጨበጨበልኝ። የጋሽ መርዕድን ስም ማንም አላነሣም፤ እኔም አላነሣሁም።

ሮማን በመጪው ሳምንት አባቷን የማስታወስ ችሎታ ወደሚመረምር ሐኪም ትወስዳቸዋለች። ምን እንዳየች ስትጠየቅ መጀመሪያ የምትናገረው የእኔን ውሸት ነው። ከቀጠሮው በፊት ይህን ጽሑፍ እልክላታለሁ።

ይሉኝታ ይዟት ነው አትበሉልኝ። ይሉኝታ ሰውን ማሰብ ነው፤ እኔ ያሰብኩት ራሴን ነው። ልጅ ናት፣ አልተማረችም አትበሉልኝ። አዎ ለማለት ትምህርት አያስፈልግም።

ሮማን፣ አባትሽ አሳይተውኛል። ደጋግመው ጠይቀውኛል፣ ደጋግሜ ዋሽቻቸዋለሁ። በሌላ ነገር ታመው እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ ሐኪሙ ይይ። ይህኛው ግን ሕመም አይደለም፤ እኔ ነኝ። ይቅር እንዲሉኝ አትለምኚልኝ፤ ቶሎ ይቅር ይሉኛል፣ አውቃቸዋለሁ። ብቻ አንብቢላቸው፤ ማንበብ ካቃተሽ ደውይልኝና ስልኩን ስጫቸው። እኔው እነግራቸዋለሁ።